«ሲምባ ኤክስፕረስ» ማን ነው? ኔትወርክ ላይ የተገኘ አጠራጣሪ ክፍት ፖርት እንዴት ይጣራል

ገላን፣ ከአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ኔትወርኩን የምከታተልለት አንድ የዱቄት ፋብሪካ አለ። ዘጠኝ ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ የጣት አሻራ ማሽንና ስምንት ካሜራ የሚቀዳ ዲቪአር በአንድ ራውተር ነው የሚሠሩት። ባለፈው ክረምት የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ዛሬውኑ ድረስልኝ፤ ኮምፒውተሬ ውስጥ ሰው ገብቷል» አሉኝ።

ነገሩን ያስነሳው የመጋዘኑ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ ኔትወርክ የሚፈትሽ አፕ ጭኖ የቢሮውን ዋይፋይ ሲያስስ፣ የእትዬ ኮምፒውተር ላይ አሥራ አንድ ክፍት ፖርት ያገኛል። ከመካከላቸው 1583 በሚለው ቁጥር አጠገብ «ሲምባ ኤክስፕረስ» የሚል ስም ተጽፏል። ቢሮው ውስጥ ሲምባ የሚባል ሰው፣ ማሽንም ሆነ ፕሮግራም የሚያውቅ የለም። እኔ እስክደርስ በስልክ የተጠየቀ ሌላ ባለሙያ «ጊዜ አታጥፉ፣ ሁሉም ፎርማት ይደረግ» ብሎ መክሯቸዋል።

ይህን ምክር በየቢሮው እሰማዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ያሳዝነኛል። ፎርማት ሲደረግ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። በእርግጥ የገባ ሰው ቢኖር እንኳ በየት እንደገባ ሳይታወቅ ይቀራል፣ በሳምንቱ በዚያው ተመልሶ ይመጣል። የገባ ሰው ከሌለ ደግሞ የሦስት ዓመት ሒሳብ ያለበት ማሽን በከንቱ ተደመሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ፖርት ምን እንደሆነ ነው።

ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የማያውቅ የለም። ሕንፃው አንድ ነው፣ አድራሻውም አንድ ነው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ግን ጉዳይዎን ጠይቆ «መስኮት 2 ይሂዱ»፣ «ያ መስኮት 5 ነው» ይላል። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። አይፒ አድራሻው ሕንፃው ነው፣ ፖርቱ የመስኮቱ ቁጥር ነው። ለቁጥሩ የተመደበው ቦታ 16 ቢት ስለሆነ መስኮቶቹ ከ0 እስከ 65535 ይደርሳሉ፤ መረጃ ለሚላክባቸው ለሁለቱ መንገዶች፣ ለቲሲፒና ለዩዲፒ፣ ደግሞ ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት። ድረ ገጽ በ80ና በ443፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ ፋይል መጋራት በ445፣ አብዛኛው የኔትወርክ ፕሪንተር በ9100 ይስተናገዳል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። መስኮቱ በራሱ አይከፈትም። ክፍት የሚባለው ከኋላው ሠራተኛ ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ማለት የሚያዳምጥ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ከተዘጋ መስኮቱም ይዘጋል። ስለዚህ «1583 ምን ዓይነት ፖርት ነው?» ብሎ መጠየቅ ሩቅ አያደርስም። የሚያደርሰው ጥያቄ «እዚህ ማሽን ላይ፣ አሁን፣ ከ1583 ኋላ የተቀመጠው ማን ነው?» የሚለው ነው።

የመፈተሻ አፖች ይህን ጥያቄ አይመልሱም። የአብዛኞቹ አያት ኤንማፕ ነው፤ ጎርደን ላዮን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱን መስኮት አንኳክቶ ከሦስት መልስ አንዱን ይዞ ይመለሳል። «አቤት» የሚል ካለ ክፍት ይለዋል። ማሽኑ ራሱ «እዚህ ማንም የለም» ብሎ ከመለሰ ዝግ ይለዋል። ምንም ድምፅ ካልተሰማ ደግሞ የታጠረ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎል፣ ማለትም ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው አጥር፣ ጥያቄውን ውጦ አስቀርቶታል። በቁጥሩ አጠገብ የሚታየው ስም ግን ከማሽኑ የመጣ አይደለም። ከተዘጋጀ ዝርዝር ላይ በቁጥር ተፈልጎ የሚለጠፍ ነው። የኢንተርኔት ቁጥሮች መዝገብ ላይ 1583 ሲምባ ኤክስፕረስ በሚል ስም ተመዝግቧል፤ አፑም ያንን ገልብጦ ጻፈ። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጽሑፍ አነበበ እንጂ የተቀመጠውን ሠራተኛ አላየም። ኤንማፕ ሠራተኛውን አናግሮ ማንነቱን እንዲጠይቅ ከተፈለገ «ሰረዝ ኤስ ቪ» የሚለው ትእዛዝ መጨመር አለበት። ደግሞም ካልታዘዘ የሚያንኳኳው በብዛት የሚገኙትን 1,000 የቲሲፒ መስኮቶች ብቻ ነው። ከስልሳ አምስት ሺህ ውስጥ አንድ ሺህ አይቶ «ሌላ የለም» ማለት አይቻልም።

እውነተኛው መልስ የሚገኘው ከማሽኑ ውስጥ ነው። እትዬ ወንበራቸውን ሰጡኝ። ዊንዶውስ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት በአስተዳዳሪነት ከፍቼ ኔትስታት ብዬ ጻፍኩ፣ ክፍት ቦታ ትቼ ሰረዝ፣ ከዚያ ኤ፣ ኤን፣ ኦ አስከተልኩ። ረጅም ዝርዝር ወረደ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚነበበው ሦስት ነገር ነው፦ አድራሻው ከነፖርቱ፣ ሁኔታው፣ መጨረሻ ላይ ያለው የፕሮግራሙ መለያ ቁጥር። «ሊስኒንግ» የሚለው ሁኔታ የሚያዳምጥ አለ ማለት ነው። 1583 ፊት ለፊት ያለውን መለያ ቁጥር ይዤ ወደ ታስክ ማናጀር ሄድኩ፤ «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ ላይ ያንኑ ቁጥር ፈለግኩ። የፋይሉ ስም ደብሊው 3 ዲ ቢ ኤስ ኤም ጂ አር ነበር። ስሙ ያስፈራል። በቀኝ ጠቅ አድርጌ ፋይሉ የተቀመጠበትን ቦታ ስከፍት ፐርቫሲቭ የሚባለው የመረጃ ቋት ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል።

ፐርቫሲቭ ማለት ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም መዝገቡን የሚያስቀምጥበት ሞተር ነው። በአገራችን የሒሳብ ቢሮ ሁሉ የሚያውቀው ፒችትሪ! 1583ና ዝርዝሩ ላይ አብሮ የነበረው 3351 የዚህ ሞተር የታወቁ መስኮቶች ናቸው። ከእትዬ ጎን የተቀመጠችው ሒሳብ ሠራተኛ ከራሷ ማሽን ሆና ደረሰኝ የምትመዘግበው በእነዚህ መስኮቶች በኩል ነው። የተባለው ፎርማት ተደርጎ፣ ወይም 1583 በፋየርዎል ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ፣ በወር መጨረሻ የደመወዝ ሥራ መካከል እሷ ወደ ፒችትሪ መግባት አትችልም ነበር። ሌላ ቦታ ላይ 4370 የሚባል ያላወቅኩትን ፖርት ቸኩዬ ዘግቼ የጣት አሻራ ማሽኑን ከቢሮው አቆራርጬዋለሁ፤ የሠራተኞች የአራት ቀን ሰዓት ሳይወርድ ቀርቶ በወረቀት ነው የተጠናቀረው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱን ሳላውቅ ፖርት አልዘጋም።

የፋይሉ ቦታ ከስሙ የበለጠ ይናገራል። ለምሳሌ ኤስቪሲሆስት የሚባል ፋይል በማንኛውም ዊንዶውስ ላይ በብዛት ይታያል፤ ብዙ አገልግሎት ተጠልሎበት ይሠራል። ትክክለኛው የሚቀመጠው ዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ሲስተም 32 ላይ ነው። ያው ስም ከተጠቃሚው አፕዳታ ወይም ከቴምፕ ማኅደር ውስጥ ከተገኘ ግን ስም የሰረቀ ነው፤ በዚያ ሰዓት እጅን ከኪቦርዱ ማንሳትና ወደ መጨረሻው የምነግራችሁን ማድረግ ይሻላል። የፋይሉ ባሕርያት ላይ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ መኖሩንም ማየት ይጠቅማል።

ሰውን በከንቱ የሚያስደነግጡ ሌሎች ቁጥሮችም አሉ። ከ49664 ጀምሮ ተከታትለው የሚወርዱት አምስት ስድስት ትልልቅ ቁጥሮች የዊንዶውስ የራሱ የውስጥ አገልግሎቶች ናቸው፤ ጤነኛ ዊንዶውስ 10 ሁሉ አለው። 135ም የእሱ ነው። 7680 ማሽኖች የዊንዶውስ ዝማኔን እርስ በርስ የሚቀባበሉበት ነው። አድራሻው 127.0.0.1 የሆነ መስመር ደግሞ ወደ ሕንፃው ውስጠኛ ኮሪደር ብቻ የሚከፈት መስኮት ነው፤ ከዚያው ማሽን በስተቀር ማንም ሊያንኳኳው አይችልም። 0.0.0.0 የሚለው ግን በሁሉም አቅጣጫ ክፍት ነው፤ ማጣራት ያለብን በተለይ እሱን ነው።

445 ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ፋይል ለመጋራት ቢሮ ውስጥ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ክፍት መሆኑ አያስገርምም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 የተነሳው ዋናክራይ የሚባል ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ኮምፒውተሮችን የቆለፈው በዚሁ መስኮት እየገባ ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ዝማኔ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር። የተጠቁት ዝማኔውን ያልጫኑት ናቸው። የማከፋፈያ ክፍሉ ኮምፒውተር ዝማኔው የጠፋ ዊንዶውስ 7 ነበር፤ ከሲምባ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ በዚህ መንገድ ባለቤታቸው ተገኘ። አሥረኛው 7070 ነበር። ከኋላው የተቀመጠው ኤኒዴስክ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር ለማየት የምንጠቀምበት ሕጋዊ ፕሮግራም። ፀረ ቫይረስ አይነካውም፣ ፊርማውም ትክክል ነው። እትዬን «ማን ጫነው?» ብዬ ስጠይቃቸው አስታወሱ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ፒችትሪ ሲበላሽ ለማስተካከል የመጣ ልጅ ነው። ቅንብሩን ስከፍት ማንም ሰው ማሽኑ አጠገብ ሳይኖር የሚያስገባ ቋሚ ይለፍ ቃል ተቀምጦበታል። ይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ያ ልጅ ብቻ ነው፤ ልጁ አሁን የት እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት ረስቶት ይሆናል። ቢሆንም እትዬ የባንክ ክፍያ የሚፈጽሙበት ማሽን በሌላ ሰው ቁልፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ይከፈት ነበር። ፕሮግራሙ ጤነኛ ስለሆነ ብቻ መስኮቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ፕሮግራሙን አነሳነው፤ የባንኩንም ይለፍ ቃል ከሌላ ማሽን ላይ ሆነው ወዲያው ቀየሩ።

አሥራ አንደኛው 5040 ነበር፤ እሱም የዊንዶውስ ነው።

ቀጥዬ ከራሴ ላፕቶፕ ያንኑ ማሽን በኤንማፕ ሁሉንም ፖርት አንኳኳሁ። ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል የለበትም። ማሽኑ ስለራሱ የሚናገረውና ከውጭ የሚታየው መመሳሰል አለባቸው። ኔትስታት የማያሳየው ፖርት ከሌላ ማሽን ሲታይ ክፍት ከሆነ፣ ማሽኑ ውስጥ ራሱን የሚደብቅ ነገር ሊኖር ይችላልና ከባድ ምልክት ነው። የእትዬ ማሽን ላይ ሁለቱ ዝርዝሮች ገጠሙ። እትዬ ተነፈሱ።

ላፕቶፔ ገና ስላልተዘጋ መላውን ኔትወርክ አሰስኩ፤ ችግሩን ያገኘሁትም ያኔ ነው። ዱቄት የለበሰ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠው ዲቪአር 34567ን ከፍቷል፤ 23ንም ከፍቷል። 34567 በብዙ ርካሽ ዲቪአሮች ላይ የተለመደ የምስል መላኪያ ነው፤ ለብቻው ቢሆን አልደነግጥም ነበር። 23 ቴልኔት ነው፤ መሣሪያን ከሩቅ የማዘዣ አሮጌ መንገድ ነው፣ ይለፍ ቃልን ሳያመሰጥር የሚያስተላልፍ። ራውተሩ ውስጥ ስገባ ደግሞ ሁለቱም ፖርቶች ከኢንተርኔት በቀጥታ ወደ ዲቪአሩ እንዲተላለፉ ተደርጓል። ካሜራውን የገጠመው ሰው የፋብሪካው ባለቤት ከቤታቸው ሆነው በስልክ እንዲያዩ ብሎ ያደረገው ነው። የዲቪአሩ መግቢያ ከፋብሪካ እንደወጣ «አድሚን» ነው፤ ይለፍ ቃሉ ባዶ።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም ተነሳ። ሥራው ቀላል ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያሉ አድራሻዎችን እየዞረ 23ንና 2323ን ያንኳኳል፣ ከከፈቱለት ስልሳ የሚያህሉ የፋብሪካ መግቢያና ይለፍ ቃሎችን አንድ በአንድ ይሞክራል። በዚህ መንገድ ብቻ መቶ ሺዎችን የሚቆጥሩ ካሜራዎች፣ ዲቪአሮችና ራውተሮች ታዛዡ ሆኑ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ዳይን የሚባለውን፣ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አይፒ አድራሻ የሚመራ አገልግሎት ሰጪ በእነዚህ መሣሪያዎች ሲያጥለቀልቁት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰዓታት ለሚሊዮኖች ተቋረጡ። ሚራይ የሚኖረው በመሣሪያው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። እኛ ሠፈር መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ የሚያውቅ ሰው «እንግዲያስ በየቀኑ ይጸዳል» ሊል ይችላል፤ ነገር ግን መብራቱ በመጣ በደቂቃዎች ውስጥ በዚያው መስኮት ተመልሶ ይገባል። የፕሮግራሙ ኮድ ተሰራጭቶ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ አሁንም እያንኳኩ ናቸው።

ዲቪአሩ ከውጭ በእርግጥ መታየቱን ለማረጋገጥ መጀመሪያ የራውተሩን የውጭ አድራሻ አየሁ። ይህ አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ይጋራሉ ማለት ነው፤ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚያንኳኳ አይደርስም። የፋብሪካው ግን የራሱ የውጭ አድራሻ ነበረው። ላፕቶፔን ከቢሮው ዋይፋይ አውጥቼ በስልኬ ዳታ አገናኝቼ ያንን አድራሻ አንኳኳሁ፤ ሁለቱም ፖርቶች ክፍት ናቸው። ከቢሮ ዋይፋይ ሳይወጡ የሚደረግ ፍተሻ የውጩን እንደማያሳይ ልብ በሉ።

ማስተላለፊያዎቹን ከራውተሩ ላይ ሰረዝኩ። ዩፒኤንፒ የሚባለውንም አጠፋሁ፤ እሱ ካልጠፋ መሣሪያው ማንንም ሳያስፈቅድ ራውተሩን ጠይቆ መስኮቱን መልሶ ያስከፍታል። ዲቪአሩን ከሶኬት ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ይለፍ ቃል አበጀሁለት። ይለፍ ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ አንዳንዶቹ ዲቪአሮች የቴልኔቱ ይለፍ ቃል ከውስጥ የተቀረጸ ስለሆነ ከምናሌው ሊቀየር አይችልም። ስለዚህ ካሜራዎቹን ለብቻቸው በሌላ ትንሽ ራውተር ላይ አደረግናቸው። ባለቤቱ አሁን መጀመሪያ በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ወደ ቢሮው ይገባሉ፣ ከዚያ ካሜራውን ያያሉ። አንድ እርምጃ ስለተጨመረባቸው አልተደሰቱም፤ ተቀብለውታል ግን።

ከላይ ቃል የገባሁት ይህ ነው። የማሽኑ ዝርዝር ላይ በእርግጥ ባለቤት የሌለው፣ ወይም ስም የሰረቀ ፕሮግራም ካገኛችሁ ማሽኑን አታጥፉት። የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን ዝጉ፣ ማሽኑ ግን እንደበራ ይቆይ፤ ሲጠፋ ጊዜያዊ ማስታወሻው ላይ ያለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ሰዓቱን ጻፉ። በዚያ ማሽን ላይ የባንክ ሥራ የሚሠራ ከሆነ ከማንም በፊት ባንኩን አሳውቁ፤ ይለፍ ቃሎችን ከሌላ ንጹሕ ማሽን ላይ ቀይሩ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር እንዲህ ዓይነት ጥቆማ ይቀበላል። ንጹሕ ዝርዝርም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። የዛሬ ዘመን ተንኮል አብዛኛው መስኮት ከፍቶ እንግዳ አይጠብቅም፤ ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ ትእዛዝ ይቀበላል። ስለዚህ ኔትስታት ላይ «ሊስኒንግ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ኢስታብሊሽድ» የሚለውንም፣ ማሽኑ አሁን ከማን ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ፣ በዚያው መለያ ቁጥር ተከታትሎ ማጣራት ያስፈልጋል።

ለመጋዘኑ ልጅም አንድ ነገር ነግሬዋለሁ። ጠያቂ ልጅ ነው፣ ባያስስ ኖሮ ዲቪአሩ ዛሬም ለዓለም ክፍት ነበር። ግን የራስ ያልሆነን ኔትወርክ ያለ ፈቃድ መፈተሽ ችግር ላይ ሊጥል ይችላል፤ ሳይፈቀድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። እኔ ራሴ ከባለቤቱ በጽሑፍ ፈቃድ ሳልይዝ አንድም ማሽን አላንኳኳም።

በሳምንቱ ተመልሼ ስፈትሽ ዝርዝሩ ሌላ መሰለ። ዲቪአሩ ወደ ሌላው ራውተር ከመዛወሩ በፊት ይዞት በነበረው 192.168.1.14 ላይ 9100ን የከፈተ ነገር ተቀምጧል። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ለማሽኖቹ አድራሻ እንደ አዲስ አድሎ ነበር፤ 14 ለፕሪንተሩ ደርሶታል። ዝርዝር የምትይዙ ከሆነ በአይፒ አድራሻ አትመኑ። እያንዳንዱ መሣሪያ ማክ አድራሻ የሚባል አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ አምራቹን ይጠቁማሉ፣ መብራት ቢጠፋም አይለወጥም። ስልኮች ግን አሁን አሁን እየቀያየሩ ያሳያሉ። ለእትዬ በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ የማሽኑን ስም፣ ማክ አድራሻውን፣ ክፍት ፖርቶቹንና ከየፖርቱ ኋላ ያለውን ፕሮግራም ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን ካዝናው በር ውስጥ ለጥፈውታል። በየወሩ መጀመሪያ የመጋዘኑን ልጅ ጠርተው አብረው ያስተያያሉ፤ ባለፈው ወር አንድ አዲስ ቁጥር አግኝተው ሲደውሉልኝ ከየትኛው ፕሮግራም እንደመጣ ራሳቸው አጣርተው ነበር።